መውረድ በፈቃድ፣ መውጣት በግዴታ

«እኔ ከዚህ ወዲያ አልወርድም!»

ይህን ያለችው ባለቤቴ ናት። ብላም አላበቃችም፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ከቦርሳዋ የቆሎ ከረጢቷን አወጣችና መቆርጠም ጀመረች። ቦታው አሜሪካ፣ አሪዞና ግዛት፣ ግራንድ ካንየን በሚባለው ታላቅ ሸለቆ ውስጥ ነው። ጊዜው የ2023 ኦክቶበር ማብቂያ (ሌላ ካላልኩ በስተቀር የምጠቅሰው ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሰዓቱ በእኛ ከቀኑ ሰባት ተኩል።

ከሸለቆው አፍ ተነሥተን 4.8 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደናል። ከበታቻችን፣ ቀይ ድንጋይ ብቻ በሚታይበት ምድር መካከል፣ ለምለም ዛፎች የተሰበሰቡበት ቦታ ይታያል። ሃቫሱፓይ ጋርደንስ ይባላል። ካለንበት 2.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። «እዚህ ድረስ መጥተን!» አልኳት። «መምጣቱንማ መጥተናል፤ የምመለሰው ግን በእነዚህ ጉልበቶቼ ነው» አለችኝ። ተከራከርን። እኔ በሙያዬ ተከራካሪ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ ተከራክሬ ያሸነፍኩባትን ቀን አላስታውስም። በመጨረሻ ተስማማን፤ እሷ ቀስ እያለች ልትወጣ፣ እኔ ደርሼ ልመለስ። የዚያን ዕለት ማታ የሆነውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን እዚያ ምን እንደወሰደን፣ የበረሃ ፓርኮች በምን ሕግ እንደሚተዳደሩና በረሃው ራሱ ምን ዓይነት ሕግ እንዳለው ላስረዳ።

የቬጋሱ አማቼ

የባለቤቴ ወንድም ላስ ቬጋስ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል። እንደ ብዙዎቹ የከተማዋ ኢትዮጵያውያን ታክሲ ሲነዳ ነው የኖረው። ስንደርስ ያዘጋጀልን ዕቅድ ሁለት ነገር ነበረው፤ የመብራት ጌጥ ያበደባቸውን ሆቴሎች መጎብኘትና ገበያ መውጣት። እኛ «በረሃ ለበረሃ በእግራችን መሄድ እንፈልጋለን» ስንለው መጀመሪያ የቀለድን መሰለው። ቀጥሎ «ሰው ከበረሃ ሸሽቶ ይመጣል እንጂ!» አለን። ቱሪስቱን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ስንት ጊዜ አመላልሷል፤ ቱሪስቱ የሚሄድበትን ግን አንድ ቀን አላየውም። «እረፍት የሚባል ነገር ሲገኝ ይተኛል» ነው መልሱ።

የተጋባንበትን 25ኛ ዓመት በዚህ መንገድ ለማክበር የወሰንነው እኔና ባለቤቴ ነን። ሁለታችንም ሃምሳን ካለፍን ቆየን። ሐኪም ስኳሬን እያየ «ተራመድ» ካለኝ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እንወጣለን። እንጦጦ የወጣ ሰው ደግሞ የማይወጣው ነገር ያለ አይመስለውም። የመጀመሪያው ስህተቴ ይኸው ነበር።

ሦስት ፓርኮች መረጥን፤ ካሊፎርኒያ ያለውን ዴዝ ቫሊ፣ ዩታ ያለውን ዛየንና ግራንድ ካንየንን። ስለ ገንዘቡ ለሚጠይቀኝ አንባቢ ላንሣው። ያን ጊዜ ለአንድ መኪና ዴዝ ቫሊ 30፣ ዛየን 35፣ ግራንድ ካንየንም 35 ዶላር ያስከፍሉ ነበር። ድምሩ 100 ነው። ዓመቱን ሙሉ በሁሉም ብሔራዊ ፓርኮች የሚያስገባው ካርድ ግን 80 ዶላር ነበር። እኛም ካርዱን ገዛን። ዛሬ ይህ ሒሳብ ተለውጧል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ላልሆነ ሰው የዓመቱ ካርድ 250 ዶላር ሲሆን፣ ካርድ የሌለው የውጭ ጎብኚ ዛየንና ግራንድ ካንየንን በመሳሰሉ 11 ፓርኮች ከመደበኛው ክፍያ በላይ በነፍስ ወከፍ 100 ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ማስላት ይበጀዋል።

ሐይቅ የሆነው በረሃ

ዴዝ ቫሊ፣ ትርጉሙ «የሞት ሸለቆ» ነው። ከላስ ቬጋስ በመኪና ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስሙን ማንም ያውቀዋል፤ በጁላይ 1913 እዚያ የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ ዛሬ የዓለም ከፍተኛው የአየር ሙቀት ተብሎ ተይዟል። ለምን እንዲህ ይጋላል? ነገሩ እንዲህ ነው። ከውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ከምዕራብ በኩል ያሉትን ረጃጅም ተራሮች ሲወጣ ዝናቡን እዚያው ያራግፋል፤ ሸለቆው ላይ ሲደርስ ደረቅ ነው። ሸለቆው ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ ጠባብና ረጅም ነው። የጋለው አየር ሽቅብ ይነሣል፣ ተራሮቹ አላሳልፍ ሲሉት ተመልሶ ይወርዳል፣ ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ይብስ ይግላል። ዳሎልን ያየ ኢትዮጵያዊ በጥልቀቱ አይደነቅም፤ የእኛው የዳናኪል ዝቅተኛ ምድር ከመቶ ሜትር በላይ ከባሕር ጠለል በታች ነው። ጨው የለበሰው ሜዳም ቢሆን ለእኛ ባዕድ አይደለም።

እኛን ያስደነቀን ሌላ ነው። ባድዋተር የሚባለው ዝቅተኛው ቦታ ስንደርስ ጨው ያለበሰው ሜዳ የለም፤ ሐይቅ አለ! ኦገስት 20 ቀን 2023 ሂላሪ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ በአንድ ቀን 56 ሚሊ ሜትር ያህል ጣለ። ይህ የዓመት ዝናባቸው ነው፤ በአንድ ቀን ወረደ። መንገዶቹ ተበጣጥሰው ፓርኩ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ኦክቶበር 15 ነበር በከፊል የተከፈተው። እኛ በደረስንበት ሰሞን ሰው ጫማውን አውልቆ ከቁርጭምጭሚት በማያልፍ ውኃ ውስጥ ይሄዳል፤ ተራራው ደግሞ ገልብጦ ውኃው ላይ ተኝቷል። ባለቤቴ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ውኃውን ጣቷን ነክራ ቀመሰችውና ፊቷ ተጨማደደ። «ይህማ ለወጥ ይሆናል» አለች።

ደስታችን ሳይበርድ የሰማነው ነገር ግን ልቤን ከበደው። ፈርነስ ክሪክ በሚባለው የፓርኩ መናኸሪያ አጠገብ ቲምቢሻ ሾሾኒ የሚባሉ የአገሬው ሕዝቦች የሚኖሩበት ትንሽ መንደር አለ። ሸለቆው የእነሱ ነው፤ መንግሥት በ1933 ብሔራዊ ቅርስ ብሎ ሲከልለው ከእነሱ ጋር አልተማከረም። ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የፓርኩ አስተዳደር ሊያስለቅቃቸው ፈለገ። ሰዎቹ በበጋ ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ተራራው ይወጣሉ። ታዲያ ወጥተው ባሉበት ጊዜ ባዶ የቆዩት የጭቃ ቤቶቻቸው በውኃ ቱቦ እየታጠቡ እንዲፈርሱ ተደረገ። እስቲ አንባቢ ያስበው፤ ጠብታ በሚፈለግበት በረሃ፣ ውኃ ቤት ማፍረሻ ሲሆን!

ሰዎቹ ግን ጨርሰው አልሄዱም። ጥቂት ቤተሰቦች ሙጭጭ ብለው ቀሩ። በ1983 መንግሥት እንደ ሕዝብ ዕውቅና ሰጣቸው። ፓርኩ በ1994 ወደ ብሔራዊ ፓርክነት ሲያድግ የወጣው ሕግ የመሬታቸው ጉዳይ እንዲጠና አዘዘ። በ2000 በወጣ ሕግ ደግሞ በድምሩ ከ3 ሺሕ ሄክታር በላይ መሬት ተመለሰላቸው፤ ከዚህ ውስጥ 127 ሄክታር የሚሆነው እዚያው ፓርኩ መካከል ነው። መሬቱ ተመልሶ ፓርኩ አልፈረሰም። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ አገራችን ስመለስ ያስፈልገኛል።

ጽዮንና ደራሽ ጎርፍ

ዛየን ማለት ጽዮን ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት እዚያ የሰፈሩ የሞርሞን ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው። በ1909 መንግሥት ሲከልለው በአገሬው ቋንቋ ሙኩንቱዊፕ ብሎት ነበር፤ በኋላ ስሙ ተለወጠና በ1919 ዛየን ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ባለቤቴ ስሙን ከሰማች በኋላ ሌላ ፓርክ ለምን እንደሚያስፈልገን አልገባትም።

ቦታው ግርማው ያስፈራል። ግራና ቀኝ ቀይና ነጭ ገደል፣ መካከሉን ቨርጂን የሚባል ትንሽ ወንዝ። ይህን የሚያህል ገደል የቀረጸው ያ ትንሽ ወንዝ ነው ቢሉን ለማመን ተቸገርን። ምስጢሩ ወንዙ ሁልጊዜ ትንሽ አለመሆኑ ነው። በበረሃ አፈሩ ሥሥ ነው፣ ድንጋዩ ራቁቱን ነው፣ ውኃ የሚመጥ ሣር የለም። ስለዚህ የዘነበው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ሰማዩ ከራስህ በላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ፣ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት የጣለ ዝናብ ግድግዳ ሆኖ ይመጣብሃል።

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 በዚሁ ፓርክ ኪሆል በሚባል ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የገቡ ሰባት ሰዎች እንዲህ ባለ ጎርፍ ሞተዋል፤ ሰባቱም። ጎረምሶች አልነበሩም፤ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩ፣ ፈቃድ አውጥተው የገቡ ናቸው። ፈቃዱን ሲወስዱ የዚያን ዕለት ጎርፍ ሊኖር እንደሚችል ተነግሯቸዋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ነገር «ደራሽ ጎርፍ» የሚል ቁልጭ ያለ ስም አለን። በክረምት 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው የደቻቱ ጎርፍ ዝናቡ የጣለው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነው። የተኛው ሰው ዝናቡን አላየውም፤ ያየው ጎርፉን ነው።

እኔ በዚያ ፓርክ ላይ ልቤ የተነሣው «የመላእክት ማረፊያ» ወደሚሉት ገደል ጫፍ ለመውጣት ነበር። የመጨረሻው መንገድ ግራና ቀኙ ገደል የሆነ፣ ሰንሰለት እየያዙ የሚወጡት ስለት ነው። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ግን ያለ ፈቃድ አይወጣም፤ ሰው ስለበዛ ዕጣ ይወጣል፤ ማመልከቻው 6 ዶላር ነው። እኔ ይህን አላነበብኩም። ሃያ አንድ ጠምዛዛ መንገድ ወጥቼ ሰንሰለቱ ከሚጀምርበት ቦታ ስደርስ አንዲት ወጣት የፓርክ ጠባቂ ፈቃድ ጠየቀችኝ። ከሩቅ አገር መምጣቴን፣ ዕድሜዬን፣ ተመልሼ ላልመጣ እንደምችል በትሕትና አስረዳኋት። እሷም በትሕትና ሰምታኝ «ሰንሰለቱ ከዚህ ይጀምራል፤ ፈቃዱም ከዚህ ይጀምራል» አለችኝ። እኛ አገር ቢሆን አንድ የማውቀው ሰው ጋ እደውል ነበር። እዚያ የምደውልለት ሰው አልነበረኝም፤ ስልኩም አይሠራም።

አጥር የሌለው ገደል

ያን ገደል አይቶ «ይህን ያህል ሰው በሚወጣበት ቦታ አጥር የሌለው ለምንድን ነው?» ብሎ የማይጠይቅ የሕግ ሰው የለም። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል። ታዲያ አጥር ያላጠረው መንግሥት አጥፊ አይደለም?

የአሜሪካኖቹ መልስ ሁለት ክፍል አለው። በ1946 በወጣ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ሠራተኞቹ በቸልተኝነት ላደረሱት ጉዳት እንዲከሰስ ፈቅዷል። ነገር ግን እዚያው ሕግ ውስጥ ትልቅ ልዩ ሁኔታ አስገብቷል፤ ባለሥልጣኑ አማራጮችን መዝኖ በፖሊሲ የወሰነው ነገር ከሆነ ፍርድ ቤት «ለምን እንዲህ አላደረግህም?» ብሎ አይተካውም። አጥር ማጠር ወይም ተፈጥሮውን እንዳለ መተው እንዲህ ያለ ውሳኔ ነው ተብሎ በብዙ ክሶች መንግሥት ነፃ ወጥቷል። ሁለተኛው ክፍል የ1916ቱ የፓርኮች ማቋቋሚያ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ለአገልግሎቱ ሁለት ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠው፤ ሕዝብ እንዲደሰትበት ማድረግና ለሚቀጥለው ትውልድ ሳይጎዳ ማቆየት። ሁለቱ አንዳንዴ ይጣላሉ። ገደሉን ሁሉ በብረት ብታጥረው ጎብኚው ይድናል፤ ገደሉ ግን ገደል መሆኑ ይቀራል።

ስለዚህ የመረጡት ማስጠንቀቅ ነው። በየመንገዱ መነሻ ላይ ሰሌዳ አለ፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ውኃ የት እንዳለ፣ የት እንደሌለ፣ ሰው እንዴት እንደሞተ ጭምር ይናገራል። ካነበብህ በኋላ ኃላፊው አንተ ነህ። ለማዳን ቢመጡ ፓርኩ በአብዛኛው ሒሳብ አይጠይቅም፤ የግል ሄሊኮፕተር አምቡላንስ ከጠራህ ግን ሒሳቡ ቤት ያስሸጣል። የጉዞ ጤና ዋስትና ሳይገዛ የሚሄድ ሰው ቢኖር ይህን አንብቦ ይመለስ።

ሸለቆው የማን ነው?

ወደ ግራንድ ካንየን ልመለስ። የወረድንበት መንገድ ብራይት ኤንጅል ይባላል። ከዘመናት በፊት ሃቫሱፓይ የሚባሉ ሕዝቦች ወደ ምንጩ ሲወርዱ ያወጡት የእግር መንገድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ራልፍ ካሜሮን የሚባል ሰው መንገዱን አሰፋና የግሉ አደረገው፤ በበቅሎ ከሚያልፈው ሁሉ አንድ ዶላር ይቀበል ጀመር። በመንገዱ ዳርና ዳር «ማዕድን አለኝ» እያለ ይዞታ አስመዘገበ። ማዕድኑ እንኳ ይህ ነው የሚባል አልነበረም፤ ማዕድኑ መንገደኛው ነበር።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1908 ሸለቆውን ብሔራዊ ቅርስ ብለው ከለሉት። የተጠቀሙበት በ1906 የወጣውን የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ነው። ሕጉ ፕሬዚዳንቱ «ሳይንሳዊ ፋይዳ ያላቸውን ነገሮች» በአዋጅ እንዲከልሉ ይፈቅዳል። የካሜሮን ክርክር ለሕግ ሰው የሚጥም ነው፤ «ሕጉ የወጣው ለፍርስራሽና ለሸክላ ስባሪ ነው፤ ይህን የሚያህል ሸለቆ እንዴት 'ነገር' ይባላል?» የሚል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1920 ውድቅ አደረገበት። ሸለቆው ሳይንሳዊ ፋይዳ ያለው ነገር ነው፣ ትልቅ ስለሆነ ከሕጉ አይወጣም አለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመጡ ፕሬዚዳንቶች ሰፋፊ መሬት ሲከልሉ የሚመረኮዙት በዚህ ፍርድ ነው። የሚገርመው ካሜሮን በዚያው ዓመት ሴናተር ሆኖ ተመረጠ። መንገዱ ጨርሶ በፓርኩ እጅ የገባው በ1928 ነው።

በዚያው በ1928 ግን ሌላም ነገር ሆነ። እኔ ካልደረስኩበት ብዬ የተከራከርኩበት ለምለም ቦታ ላይ ያርሱ የነበሩት የመጨረሻዎቹ ሃቫሱፓዮች እንዲወጡ ተደረገ። መንገዱን ያወጡት ሰዎች መንገዱ የሕዝብ በሆነበት ዓመት ከመንገዱ ተባረሩ ማለት ነው። በ1975 በወጣ ሕግ 75 ሺሕ ሄክታር ያህል መሬት ተመልሶላቸዋል። ቦታው «የኢንዲያን አትክልት» ከመባል ወጥቶ በስማቸው የተጠራው ግን በኖቬምበር 2022 ነው፤ እኛ ከመድረሳችን አንድ ዓመት በፊት።

ዳገቱ

አሁን ወደዚያ ቀን። ተራራ ስትወጣ ዳገቱ መጀመሪያ ይመጣል፤ ስትደክም ትመለሳለህ፣ መመለሻህ ቁልቁለት ነው። ሸለቆ የተገላቢጦሽ ነው። አቅምህ ሙሉ ሲሆን ቁልቁለት፣ ሲያልቅ ዳገት። በሰሌዳው ላይ ያለው ምክር፣ በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠውና፣ መውረድ በፈቃድህ ነው፣ መውጣት ግን ግዴታህ ነው የሚል ነው። ለመውረድ የፈጀብህን ሰዓት ለመውጣት እጥፍ አድርገህ ያዝ ይላሉ። በአንድ ቀን ወንዙ ድረስ ወርዶ መመለስ እንዳይሞከር አጥብቀው ይመክራሉ። በበጋ ደግሞ በእኛ ሰዓት ከጧቱ አራት እስከ ቀኑ አሥር ባለው ጊዜ ሸለቆው ውስጥ አትሂዱ ይላሉ፤ ሙቀቱ ከታች ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናልና።

እኔ ወንዙ ድረስ አልሄድኩም፤ በጋም አልነበረም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም። የሸለቆው አፍ ከፍታ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ «አዲስ አበባ ከዚህ ትበልጣለች!» ብዬም ተመጻድቄ ነበር። ለምለሙ ቦታ ስደርስ ስምንት ተኩል ሆኗል። ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ፊቴ ያለው 7.2 ኪሎ ሜትር መንገድና ከ900 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። የያዝኩት ውኃ እንጂ ምግብ አልነበረም፤ ቆሎው እሷ ጋ ነው። ውኃ በመጠጣት የሚካካስ መስሎኝ በላይ በላዩ ጠጣሁ።

እዚህ ላይ ሐኪሞቹ የሚሉትን ልንገር። በረሃ ላብህ ቶሎ ስለሚደርቅ እንዳላበህ አታውቅም። በላብ የሚወጣው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ጨውም ይወጣል። ሳይበሉ ውኃ ብቻ ሲጠጡ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ይመጣል፤ ሲብስ ይገድላል። ሞኝነቱ ደግሞ ምልክቱ ውኃ ከማጣት ጋር ስለሚመሳሰል ሰውየው ይብስ ውኃ ይጠጣል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ዳገቱን ካጋመስኩ በኋላ ራሴን ይወጋኝ፣ ሆዴን ያገላብጠኝ ጀመር። አሥር እርምጃ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ። ጀምበር ጠለቀች። በረሃ ደግሞ ደመና የለውም፤ የቀኑን ሙቀት ሌሊት የሚይዝለት የለም። ላቤ ጀርባዬ ላይ በረዶ ሆነ። በስልኬ መብራት ስሄድ ባትሪው አለቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ጨለማ አይቼ አላውቅም። አንድ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ገደሉ በሌላው በኩል እንዳለ አውቃለሁ፤ አላየውም።

ወደ ላይ በኩል ትንሽ መብራት ስትወዛወዝ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ባለቤቴ ከመውጫው 2.4 ኪሎ ሜትር ላይ ካለው ማረፊያ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ቆይታለች። የሚወጣውን መንገደኛ ሁሉ «መነጽር ያደረገ ወፍራም ጥቁር ሰው አላያችሁም?» እያለች ጠይቃለች። ሲመሽ ደግሞ ጠዋት «ይህ ደግሞ ምን ሊያደርግልሽ ነው?» ብዬ የሳቅሁበትን የእጅ ባትሪ ይዛ ጥቂት ወርዳልኛለች። አልተቆጣችም። «ብላ» አለችኝና ጨው ያለበትን የገብስ ቆሎ እፍኝ አስጨበጠችኝ። ቁጭ ብዬ ቆረጠምኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ራሴ ቀለል አለኝ። የሸለቆው አፍ ላይ የደረስነው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አማቼ ሲደውልለት የነበረ ስልክ እንደማይሠራ ሳያውቅ ለፖሊስ ሊያመለክት ጫፍ ደርሶ ነበር።

ወደ እኛ ቤት

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያገኘሁት፣ በእኛም አገር ሕግ አለመጥፋቱን ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። አዋሽና ስሜን ፓርኮች በሕግ ከተቋቋሙ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። የሰሜን ተራሮች ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። ከመዝገቡ እንዲወጣ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ በ2016 ከፓርኩ ውስጥ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። አዋሽ ሲከለልም ከረዩዎች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበትን መሬት አጥተዋል።

ሰውን ማስነሣት አንዳንዴ አስፈላጊ ይሆናል፤ አልክድም። ዋልያው የሚግጠውን ሣር በግ ከጨረሰው ዋልያ አይኖርም። ነገር ግን አሜሪካኖቹ ቤት በውኃ አፍርሰው፣ አራሽ አባርረው፣ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ቆይተው በሕግ ወደ መመለስ ከመጡ፣ እኛ የእነሱን ስህተት ደግመን የእነሱን ያህል ዓመት የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም። ያን ሸለቆ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሃቫሱፓዮች እንደነበሩ ሁሉ፣ ስሜንን ከማንም በላይ የሚያውቀው እዚያ ያደገው ሰው ነው። መንገድ መሪው፣ ጠባቂው፣ ባለ በቅሎው እሱ ሆኖ፣ ከገቢው በሕግ የተለየ ድርሻ ካለው ፓርኩ ጠላት አያፈራም። ካሳ የሚከፈለው አንድ ቀን ነው፤ ልጆቹ ግን በየቀኑ ይበላሉ።

ሌላው ነገር ሰሌዳው ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየመንገዳችን መነሻ ላይ «ይህን ያህል ይርቃል፣ ውኃ የለም፣ በዚህ ሰዓት ተመለስ» የሚል ሰሌዳ ብንተክል ስንት ሰው ይተርፋል! በእርግጥ ሰሌዳ ያነበበ ሁሉ አይተርፍም። እኔ አንብቤ ነበር።

እጅ ባትሪዋ አሁን ሳሎናችን መስኮት ላይ ተቀምጣለች። እንጦጦም ስንወጣ ትከተለናለች። አንዳንዴ ቤት ውስጥ በማያገባኝ ነገር ስሟገት፣ ፍሬ የሌለው ክርክር ሳስረዝም፣ ባለቤቴ ሥራዋን ሳታቋርጥ «እኔ ከዚህ ወዲያ አልወርድም» ትለኛለች። እኔም ዝም እላለሁ። መውጫውን አውቀዋለሁና።